ከሰማይ የወደቀው የጡት ልጄ

ስመኝ እባላለሁ። አባቴ ዲማ የተማረ ደብተራ ስለነበር ሴት ልጅ ብሎ አልናቀኝም፤ ፊደል አስቆጥሮ እስከ ዳዊት አድርሶኛል። ከዚያ በላይ አልተማርኩም፤ በአሥራ አራት ዓመቴ ተዳርኩ። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ በዚህ አስቡልኝ። የምነግራችሁ በጣሊያን ጊዜ፣ በአምስተኛው ዓመት መጋቢት ወር፣ በሦስት ቀን ውስጥ የደረሰብኝንና እሱ ያስከተለውን ነው።

የምንኖረው ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነበር። ባሌ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ተድረው ወጥተዋል፤ እቤት የቀረኝ የመጨረሻው ልጄ አበባው ነበር፤ ሃያ ዓመቱ። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ልጄ ወንዝ ወርዶ ትንሽ ከዘገየ ደራሽ ውኃ ወስዶታል ብዬ ደጅ እቆማለሁ። እሳት ዳፍኜ እንደገና ተነሥቼ አያለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኝ ነበር።

የፈራሁትም ደረሰ። አበባው ለአጎቱ ለደምሴ ጥይት በገብስ ስልቻ ደብቆ ሲያሳልፍ ደብረ ማርቆስ ኬላ ላይ ተያዘ። ደምሴ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁላችንም አያ ደምሴ እንለዋለን። ጣሊያን አገራችንን በአውሮፕላን ሲደበድብ ሚስቱን ከነቤቷ አቃጠለበት፤ ከዚያ ወዲህ ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆነ።

ልጄ አምስት ወር ታሰረ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ተሸክሜ ደብረ ማርቆስ እወርዳለሁ። የእስር ቤቱ አስተርጓሚ ያገሬ ሰው ነው፤ ለጣሊያን ያደረ። አንድ ቀን ስንቁን እየፈተሸ፣ ሽፍቶቹ ዘንድ የተማረከ ጣሊያን አይጠፋምና አንዱን ይዤ ከመጣሁ ልጄን ይዤ እንደምመለስ ነገረኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ቃሉ ግን ከልቤ አልወጣም፤ እህል ስፈጭም ስጸልይም እሱን ነበር የማስበው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ድንች ስኮተኩት የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። ያን ጊዜ ምን እንደሚደረግ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ነጭ ልብስ ማውለቅና ገደል ሥር መግባት ነው። ኩታዬን ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ያዝኩና ከሴቶቹ ጋር ገደሉ ሥር ገባሁ። አውሮፕላኑ አንድ ብቻ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ በኩል ጥቁር ጭስ እየጎተተ መጣና ከጋራው ጀርባ ወደቀ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማን። ቀና ስል አንድ ሰው በትልቅ ነጭ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ሌሎቹ ሴቶች ከገደሉ ሥር አልወጡም። እኔ ወጣሁ። ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ልጄ ከሰማይ ሲወርድልኝ ያየሁ ያህል ነው የሮጥኩት።

ሰውዬው አስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቋል፤ ጨርቁ የጅባራ ግንድ ላይ ተጠምጥሟል። ከአንድ ጅባራ ጀርባ ቆሜ ብዙ አየሁት። ጎልማሳ እንኳ አይደለም፤ ጸጉሩ ቀይ፣ ፊቱ በጭስ የጠቆረ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደማይታጠፍበት የታጠፈ። ካፖርቱ ሲከፈት ደረቱ ላይ ጣት የምታህል ባለቀለም ጨርቅ ተሰፍታለች። ሹማምንቶቻቸው እንዲህ ያለ ነገር ደረታቸው ላይ እንደሚያደርጉ ደብረ ማርቆስ አይቻለሁ። ትልቅ ሰው ነው አልኩ። ትልቅ ከሆነ ልጄን ያለ ጭቅጭቅ ይሰጡኛል።

ሲያየኝ ሁለት እጁን አነሣ። ከዚያ ኪሱን ዳብሶ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋልኝ። ሳልቀበለው አያ ደምሴ ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሰ፤ ወረቀቱን ከእጁ መንጥቆ መሬት ጣለው። ጣሊያን ከአውሮፕላን ወረቀት መበተን ልማዱ ነበር፤ በአማርኛ ተጽፎ፣ ግቡ ምሕረት እናደርግላችኋለን የሚል። አያ ደምሴና ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ወረቀት ላያነቡ፣ ሲነበብም ላይሰሙ ምለዋል። እኔ ግን ወረቀት በማይገኝበት አገር መጣል አልወድም፤ አነሣሁና መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት።

አያ ደምሴ እዚያው አልገደለውም። ሚስቱ ከተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ባሻገር ወስዶ፣ መቃብሯ በሚታይበት ቦታ ሊገድለው ፈለገ። በጨርቁ ጠቅልለው ተሸከሙት። መንገዱ በኔ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ውኃ ሊጠጡ ግቢዬ ገብተው አወረዱት።

አያ ደምሴን ለመንኩት። ይህ ሰው የአበባው ነፍስ ነው፣ ወስጄ ልለውጠው አልኩት። የአስተርጓሚውንም ቃል ነገርኩት።

«የጣሊያን ቃል አምነሽ?» አለኝ። «ሁለቱንም ያስቀሩብሻል። እኔ ደሜን አልሸጥም።»

«ያንተ የሞተች ናት፤ የኔ በሕይወት አለ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ውኃውን ጠጥቶ ቅሉን አስቀመጠ። ሲነሡ ሰውዬውን እንደሚወስዱብኝ ገባኝ። ያን ጊዜ ነው ጓዳ ያለው ማር ትዝ ያለኝ።

የጡት ልጅነትን ታውቃላችሁ። ደም ያለበት ሰው፣ ወይም ዘመድ የሌለው መጻተኛ፣ ከለላ ሲፈልግ ከአንድ ሰው ጡት ይጠባል። ለአዋቂ ሰው አውራ ጣት ማር ተቀብቶ በምስክር ፊት ቢጠባ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልጅ ነው። ከዘመዶቹ አንዱ ቢገድለው የገዛ ወንድሙን እንደገደለ ይቆጠራል። በኛ አገር ይህን ያፈረሰ ከሰው ማዕድ አይቀርብም።

ጓዳ ገብቼ አውራ ጣቴን ማር ነከርኩ። ስወጣ ጎረቤታችን መምሬ ውቤ ወሬ ሰምተው ከደጅ ደርሰው ነበር። «መምሬ፣ ይመስክሩልኝ» ብዬ ሰውዬው አጠገብ ተንበረከኩና ጣቴን አፉ ላይ አደረግሁ። መርዝ መስሎት ፊቱን አዞረ። አገጩን ይዤ መለስኩት። የአያ ደምሴን ጠመንጃ አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ አፉን ከፈተና ጠባ።

አያ ደምሴ ቆሞ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ ጤና የለሽም?»

«ልጄ ነው» አልኩ። «ያንተም የወንድምህ ልጅ ነው።»

ወደ መምሬ ዞረ። መምሬ ውቤ ጢማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና፣ ሲጠባ በዓይናቸው ማየታቸውን፣ ከእንግዲህ ይህን ሰው የነካ የስመኝን ልጅ እንደነካ ተናገሩ። ያልተጠመቀ መሆኑን አንዱ ሲያነሣባቸው፣ ጡት ጥምቀት አይጠይቅም አሉት።

አያ ደምሴ ጠመንጃውን አነገተ። «በስተርጅና ቀይ ጣሊያን ወለድሽ» አለኝ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።» ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ሰውዬው እቤቴ የሚኖረው እስኪድን እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ከደጄ እንዳይደርስ ነግሮኝ ሄደ።

ጎረቤቴ እናኑ ወሬውን ስትሰማ የአራስ ገንፎ ይዛ መጣች፤ በጾም በኑግ የተሠራ። ስሙንም እሷ ናት ማሩ ያለችው። ወጌሻ ጠርተን እግሩን በቀርከሃ አሰርነው። ሲታሰር አልጮኸም፤ የኔን ክንድ ይዞ ጥርሱን ነከሰ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። እኔ ለሰውዬው አዝኜ አላጠባሁትም። በልጄ ሳልለውጠው እንዳይወሰድብኝ ነው ያጠባሁት። ለጠላት የተገባ ቃል ቃል አይደለም፣ በኋላ ንስሐ እገባለሁ ብዬ አስቤ ነበር።

ማክሰኞ ሲነጋ ለአበባው ስንቅ አዘጋጀሁ። በርበሬ የምጠቀልልበት አጣሁና ያን ወረቀት ከመቀነቴ አወጣሁ። ስዘረጋው የአንበሳ ማኅተም አለበት። የጣሊያን ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ማኅተም አይቼ አላውቅም። በር ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ይህን ወረቀት የያዘው ሰው እንግሊዝ ነው፣ ወዳጃችን ነው፣ ጠላታችንን ሊወጋልን መጥቷልና አብልታችሁ ወደ ጦራችን አድርሱት ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀና ስል ማሩ ከመደቡ ላይ ሆኖ ያየኛል። ማንበቤ ገብቶታል። ጣቱን ወደ ወረቀቱ ቀስሮ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ቀስሮ ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ አላልኩም።

እንግሊዝ በምዕራብ በኩል ከአርበኞች ጋር እየመጣ ነው የሚል ወሬ ነበር፤ ግን ማን ያምናል። አምስት ዓመት ሙሉ ከሰማይ የሚመጣ ሁሉ ጣሊያን ነበር። አሁን ከእኔ በቀር በቀበሌው ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። መምሬም ወረቀቱን አላዩትም። አስተርጓሚው የጠየቀኝ ጣሊያን ነው፤ ጣሊያኖቹ ግን የሚወጋቸውን እንግሊዝ ቢያገኙ የበለጠ ደስ ይላቸዋል። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ብጨምረው አልቋል።

አልጨመርኩትም። ለአያ ደምሴም አላሳየሁትም። መልሼ መቀነቴ ውስጥ አስገባሁት፤ ማሩን ለእናኑ አደራ ብዬ ስንቄን ተሸክሜ መንገድ ጀመርኩ። ስንቅ ላደርስ ብቻ ነው የምሄደው እል ነበር ለራሴ። ውሸት ነው። እንግሊዝ ብዙ ሰው አለው፣ እኔ አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ እያልኩ ነው ቁልቁለቱን የወረድኩት። እስከ ዛሬ ይህን ለንስሐ አባቴና ለልጄ እንጂ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

ደብረ ማርቆስ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ከአውሮፕላን ሜዳው ጭስ ይወጣል፤ ወታደሩ ይራወጣል። የእስር ቤቱ ደጅ ሌላ ሴት አልነበረችም። አስተርጓሚው ሲያየኝ ስንቁን እንኳ አልፈተሸም።

«ትናንት በእናንተ በኩል አውሮፕላን ወድቋል» አለኝ። «ነጂው የታለ?»

አላወቅሁም እንዳልል ፊቴ ያስታውቃል መሰለኝ፣ ወዲያው ዘበኛ ልኮ አበባውን አስመጣው። ልጄን ከአጥር ወዲያ እንጂ እንዲህ በቅርብ በአምስት ወር ውስጥ አላየሁትም ነበር። አንገቱ ቀጥኗል፤ ግንባሩ ላይ አዲስ ቁስል አለ። በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም።

«ይኸው» አለ አስተርጓሚው። «ሰውዬው የት እንዳለ ንገሪኝና ይዘሽው ውጪ። አሁን። የመፈታቱን ወረቀት እኔ እጨርሳለሁ።»

አበባው ምኑንም አያውቅም። እኔን አየና «እማዬ፣ ያለፈው ቆሎ ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የምፈራ ሲመስለው ስለ ምግብ ያወራል።

«ቢሰጣችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኩ።

አስተርጓሚው ትከሻውን ሰበቀ። «የነሱ ጉዳይ ነው። ሜዳው ላይ ሁለት አውሮፕላን አቃጥሎባቸዋል። ተሸክመሽ ማምጣት ካስቸገረሽ ራሱን ብቻ ቆርጠሽ ብታመጪም ይቀበሉሻል።»

ይህን ያለው ስለ በግ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰው በሰው ልለውጥ ነበር የመጣሁት፤ እሱም የሆነ ቦታ ታስሮ፣ እናቱ ስንቅ ባታመጣለትም በልቶ ይኖራል ብዬ። ራሱን ሲል አውራ ጣቴ ላይ የሰውዬው ጥርስ ተሰማኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ስለ አገርም አላሰብኩም።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም» አልኩ። «አውሮፕላን ሲመጣ ገደል ሥር ነው የምንገባው።»

አስተርጓሚው ብዙ አየኝ። አበባውም አየኝ። ልጄ ፊቴን ያነባል፤ መዋሸቴን አወቀ። ስንቁን ተቀበለኝና ዘበኛው እየገፋው ሄደ። በዚያ ሁሉ ትርምስ አስተርጓሚውም እኔን ይዞ ሊቆይ አልቻለም። እኔ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት አደርኩ፤ ምን እንደበላሁ፣ ምን እንዳወራሁ አላስታውስም።

ረቡዕ እቤቴ ስደርስ አያ ደምሴን አስጠርቼ በመምሬ ውቤ ፊት ወረቀቱን አነበብኩለት። ላለመስማት ምሎ ስለነበር መምሬ መጀመሪያ ከመሐላው ፈቱት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ መቼ እንዳነበብኩት ጠየቀኝ። ትናንት ጠዋት አልኩት። ከዚያ የት እንደሄድኩም ያውቃል። ወጥቶ ለቃሬዛ የሚሆን እንጨት ቆረጠ።

ወደ ደምበጫ በኩል እስከ እንግሊዝና አርበኞች ሠፈር ሁለት ቀን ተጓዝን፤ እኔም የጡት እናት ነኝና ልጄን በእጄ ላስረክብ ብዬ ሄድኩ። አያ ደምሴ ቃሬዛውን ለማንም አላስነካም፤ የፊቱን ራስ እሱ ያዘ። ሠፈሩ ውስጥ ካርቱም ተሰድዶ የተመለሰ ጎልማሳ አስተርጓሚ ነበር። ማሩ በጭንቅ ሲነግረው እየሳቀ ወደኛ ተረጎመው።

ማሩ መብረር የጀመረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ በገዛ አገሩ ሰማይ ላይ ተዋጋ፤ ከዚያ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ከረን ላኩት። ደረቱ ላይ ያለችው ጨርቅ የኒሻን ምልክት ናት፤ ብዙ የጠላት አውሮፕላን ስለጣለ የአገሩ ንጉሥ የሸለሙት ነው። ሰኞ ጠዋት ብቻውን መጥቶ ደብረ ማርቆስ ሜዳ ላይ የቆሙትን ሁለቱን አቃጠለ፤ ሲመለስ ከመሬት መቱት።

አያ ደምሴ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። የሚስቱን ቤት ያቃጠሉት ከዚያ ሜዳ የተነሡ ነበሩ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። «የጣላቸው አውሮፕላኖች ውስጥ ስንት ሰው ነበረ?» ብዬ አስጠየቅሁት።

አስተርጓሚው ሳቁን አቆመ። ማሩ መለሰ፤ አንዳንዱ ላይ አንድ፣ አንዳንዱ ላይ አራት አምስት። ከመታቸው በኋላ ሁልጊዜ ዞሮ እንደሚያይ፣ ነጭ ጨርቅ ሲዘረጋ ካየ እፎይ እንደሚል፣ ካላየ ግን ያን ቀን ምሳ እንደማይበላ ነገረን። ስንለያይ እጄን ያዘና አውራ ጣቴን ግንባሩ ላይ አደረገው። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቀቀ። ሲሸሽ እስረኞቹን ዕቃ አሸክሞ ወደ ዓባይ ነዳቸው። ልጄን ዓባይ ቁልቁለት ላይ ሲገድሉት ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዚአብሔር ያውቃል፤ ስተኛም ስነሣም እሱን ነው የማየው። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ከሉማሜ በኩል፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ፣ በሰው ተደግፎ ገባ። መንገድ ላይ አምልጦ ነው።

ትኩሳቱ እስኪለቀው ጠበቅሁና ሁሉን ነገርኩት። መደበቅ እችል ነበር፤ ግን አያ ደምሴም መምሬም ያውቃሉ፣ ከእኔ አፍ ይስማ ብዬ ነው።

«ያን ቀን የት እንዳለ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«አንድ ቃል ብትናገሪ እወጣ ነበር።»

«አዎ፣ ትወጣ ነበር።»

ተነሥቶ ወጣ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጎርሰው እጄን መለሰ። ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ነው፤ ያርሳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ሲወጣ ደህና ዋይ ይለኛል። ጉርሻዬን ብቻ አይቀበልም። አልወቀስኩትም። ሰዎች ተሳስተሻል ወይስ ልክ ነሽ ይሉኛል። መልሱን የማውቅ ከሆነ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ልጄ ዓባይ ላይ ቀርቶ ቢሆን፣ ዛሬ ስለ ማሩ በዚህ ልብ የማወራ አይመስለኝም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ያ የካርቱም አስተርጓሚ ደብዳቤ ላከልኝ። ማሩ እግሩ ድኖ ወደ በረራው ተመልሶ፣ ሁለተኛ ኒሻን ተሸልሞ፣ በሊቢያ በረሃ በኩል ተዋግቶ ሞቷል ይላል። ልጇ ስለ እኔ ጽፎላት ስለነበር፣ ሞቱ እንዲነገረኝ የጠየቀችው እናቱ ናት። ደብዳቤውን በር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አበባው ከእርሻ ሲመለስ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና አነበብኩለት። በሬዎቹን አስገባና ወጣ። የት እንደሄደ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ማለዳ ደጃችን ላይ ሰው ተሰበሰበ። አበባው ነው ለቅሶ የጠራው። ግቢው ውስጥ አጎዛ አንጥፎ ኩታውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ማን ሞተ ብለው የሚመጡት ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቁት። «ወንድሜ» ይላቸዋል። «በማር የተወለደው ወንድሜ።» መምሬ ውቤ ላልተጠመቀ ጸሎተ ፍትሐት ማድረስ እንደማይችሉ አስቀድመው ነገሩትና እንደ ጎረቤት አጎዛው ላይ አብረውት ተቀመጡ። አያ ደምሴ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ይዞ መጣ፤ ቃሬዛውን እንደያዘ ሁሉ ዛሬም ማንንም ሳያስቀድም ከፊት ቆመና የግዳዩን ብዛት እየቆጠረ ፎከረለት።

ሰዉ ሲበተን ለአበባው እህል አቀረብኩለት። ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ማጉረስ ያገር ወግ ነው። ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ላይቀበለኝ ይችላል ብዬ ፈርቼ ነበር። አፉን ከፈተ።

ዛሬም ፈሪ ነኝ፤ እሳት ዳፍኜ ተነሥቼ አያለሁ። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍም ቀና እላለሁ። ድሮ የምፈራው ምን ይጥልብን ይሆን ብዬ ነበር። አሁን የምፈራው ውስጥ ላለው ነው። እናንተም ልጅ ካላችሁ ይገባችኋል፤ ከዓይኔ እስኪርቅ ድረስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።